ከእማዬ ጋር ወሬ

ጥቅምት 9

ይድረስ ከልጄ ጋር ሙዚቃ ስትሠሪ ለነበርሽው፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዴት ነዎት ላልሽው፣ እንዳለሁ አለሁ። ሥራ ተመልሻለሁ። ቤት ከመዋል ይሻላል።

መጀመሪያ፣ ስልክ እየደወልሽ አትድከሚ። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት። ጆሮዬን ማሽኑ በልቶታል። በስልክ የሚመጣ የሰው ድምፅ ለኔ በጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «እሺ፣ እሺ» ያልኩሽ ምን እንዳልሽ ሳልሰማ ነው። ስለዚህ እሺ ያልኩት ነገር ካለ፣ እሺ አላልኩም።

የጠየቅሽኝ ትንሿ የድምፅ መቅረጫ አለች። ከልብሷ ጋር በሻንጣው መጥታለች፣ በካልሲ ተጠቅልላ። ካልሲው የልጄ አይደለም፤ የልጄን እግር አውቀዋለሁ። ያንቺ ይሆናል ብዬ አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

መቅረጫዋን ግን አልክልሽም። አትቆጪ። አንቺ ዘንድ ሁሉም ነገር ቀርቷል። የምትሠሩበት ክፍል አንቺ ዘንድ ቀረ፤ መሣሪያዎቹም፣ ስድስቱ ዓመትም አንቺ ዘንድ ቀሩ። ሆስፒታል አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ገና መንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ ነበርኩ። የመጨረሻው ጠዋቷ እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ። ለኔ የደረሰኝ አንድ ሻንጣ ነው፤ ከሻንጣው ውስጥ ደግሞ መርጠሽ ትጠይቂኛለሽ።

ስለ አልበሙ ጽፈሽልኛል። የመጀመሪያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። «እማዬ፣ ዘንድሮ ይወጣል» ትለኝ ነበር፤ ብዙ ዘንድሮ አለፈ። ድርና ማግ ብላችሁ ያወጣችሁትን ስም ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም። ድሩ ማሽኑ ላይ ተወጥሮ የሚቆመው፣ ማጉ እየተመላለሰ የሚገባበት እንደሆነ ግን ልጄ ከኔ ነው የሰማችው። ከሁለታችሁ ድሯ የትኛዋ እንደነበረች እንዳትነግሪኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። «እናቴ» ብለሽ አትጻፊልኝ። እናት አለሽ። እሷን ሰላም በይልኝ።

የልጄ እናት

ጥቅምት 18

ይድረስ ለእማማ፣

እማማ ያልኩዎት ሌላ ምን እንደምልዎት ስላላወቅሁ ነው። ካልወደዱት ይንገሩኝ፣ እተወዋለሁ።

እንዴት ሰነበቱ? ስለ ስልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ጆሮዎ ነግራኝ ነበር፤ እንዲህ የባሰ አልመሰለኝም። ካልሲው የኔ ነው። እኛ ቤት የማን ካልሲ የማን እንደሆነ ከጠፋብን ቆይቷል።

መቅረጫዋ ለምን እንደፈለግኋት በደንብ አላስረዳሁዎትም። የኛ ሙዚቃ ከዘፈን ይልቅ ለፋብሪካ ይቀርባል። የሞተር፣ የብረት፣ የመጋዝ፣ የአሮጌ ሊፍት ድምፅ ቀርጸን እናመጣለን፤ ከዚያ በኮምፒውተር እየቆራረጥን ምት እናወጣለታለን፣ ከሥሩ ሲንተሳይዘር እናስገባለን። ቀራጯ እሷ ነበረች፤ ሰው ጆሮውን ደፍኖ የሚሸሸው ቦታ ገብታ ጆሮዋን ከፍታ ትቆማለች። አቀናባሪዋ እኔ ነኝ።

አልበሙ ዘጠኝ ሥራዎች አሉት። ስምንቱ አልቀዋል። ዘጠነኛው የእርስዎ የሽመና ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ እርስዎ ዘንድ የመጣችው ለናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ እሱን ለመቅረጽም ነበር። ከተመለሰች በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ታመመች። ቅጂውን እኔም አልሰማሁት፣ እሷም ደግማ አልሰማችው። አሳታሚው እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቀኛል።

ስምንቱን በሲዲ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ይስሙት። መቅረጫዋን ባይልኩልኝም ይስሙት።

እሷ የምትጠራኝ ቡሎን እያለች ነበር፤ አንድ ቦታ ከያዝኩ አልፈታም ማለቷ ነው። እርስዎም ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

ቡሎን

ኅዳር 3

ይድረስ ለልጄ ጓደኛ፣

ቡሎን ልበልሽ ብዬ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በይኝ።

ለናፍቆት ብቻ አልነበረም ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ደግሜም አንብቤዋለሁ። እውነቱን ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ ብል ውሸት ይሆናል።

ሲዲው ደርሷል። እኔ ቤት ማጫወቻ የለም። ከጎኔ ባሉት ማሽኖች የምትሠራ ሴት አለች፣ ጡሩምባ ነው የምንላት፤ በሽመና ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማ ሰው እሷ ብቻ ናት። «ራዲዮ ሠሪው ጋ እንሂድ» አለችኝና ከሥራ ስንወጣ ሄድን። ሱቁ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅበት ዓይነት ነው። ትልቁን ድምፅ ማጉያ አውርዶ ከፈተልን።

ትንሽ ሰማና አጠፋው። «እማማ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለኝ።

«አልተበላሸም። እንዲሁ ነው።»

«ሲዲው ነው እንዲሁ፣ ወይስ ማጫወቻዬ?»

«የልጄ ሥራ ነው» አልኩት።

መልሶ ከፈተው። ጡሩምባ እጇን አጣምራ ቆማ፣ «እኛ ይሄን ለመስማት ደሞዝ ይከፈለናል፤ ለካ ከፍሎ የሚሰማው ሰውም አለ» አለች። ራዲዮ ሠሪው ሳቀ። እኔንም ሊያስቀኝ ነበር።

እጄን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፍሁ። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ለኔ የለም፤ ወፍራሙ ግን በመዳፌ ይገባል። ሁለተኛው ላይ የሚመታው ከባድ ነገር ጥሩ ነው። ቸኩሎ አይደርስም፣ ዘግይቶም አይቀርም። እንደዚያ የሚመታ ማሽን ክር አይበጥስም። ልጄ ይሄን መርጣ ከሆነ ከኔ ነው የወሰደችው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ አቀናባሪዋ አንቺ እንደሆንሽ ትዝ አለኝና ደስታው ሄደ።

አራተኛው ላይ ጡሩምባ ትከሻዬን ነካች። «ሳቀች» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ትላለች እንዴ። ልጅሽ ናታ።»

መልስልኝ አልኩት፣ መለሰልኝ። አልሰማሁም። ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ለጠፍኩ። አልሰማሁም። ጡሩምባ ሰማች፣ ራዲዮ ሠሪው ሰማ፤ ደጅ ላይ ባትሪ ሊገዛ የቆመ፣ ልጄን አይቷት የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቶ ፈገግ አለ። ሣጥኑን አቅፌ የቆምኩት እኔ ብቻ አልሰማሁም።

እና ልጠይቅሽ። ምን ብለሻት ነው እንዲያ የሳቀችው? ከሷ ጋር የነበርሽው አንቺ መሆን አለብሽ።

ያን ሌላውን ጥያቄዬንም አልመለስሽልኝም። የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የልጄ እናት

ኅዳር 12

ይድረስ ለእማማ፣

የሳቀችው በኔ አይደለም፣ በአሳታሚው ነው። ያን ቀን ስቱዲዮ መጥቶ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማልን። ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠና «በጣም ቆንጆ ነው፤ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለን። እሱ ቆሞ ሳለ ሳቋን ቻለችው። በሩን ዘግቶ ሲወጣ ግን ወንበር ላይ ወደቀች። ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቼ ነበር። ላጠፋው ስል «ተይው፣ ይኑር» አለችኝ።

እንዲህ ነው። ነግሬዎት ሳበቃ እንኳ የሳቁን ያህል አልሆነልኝም።

ሌላው ጥያቄዎ ስለ መጨረሻው ጠዋት ነው። በደብዳቤ አልጽፈውም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ምንም ሳላስቀር እነግርዎታለሁ። እየሸሸሁ እንዳይመስልዎት። ትንሽ እየሸሸሁ ነው።

ለናፍቆት ብቻ አይደለም ያልኩትም ልክ አልነበረም። እርስዎ ዘንድ ለመምጣት ምክንያት አያስፈልጋትም ነበር። ያን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። አውቃለሁ መሰለኝ።

የአልበሙን ሽፋን ፎቶ አብሬ ልኬልዎታለሁ። ካልወደዱት ይቀየራል።

ቡሎን

ኅዳር 27

ይድረስ ለልጄ ጓደኛ፣

ስለ ሳቁ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ለጡሩምባ ነገርኳትና እሷም ሳቀች። በዚያ ቀን ፈረቃው እስኪያልቅ ድረስ ማሽን በተነሣ ቁጥር ወደኔ ዞራ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለኛለች።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። አንቺ ከፊት ነሽ፣ እሷ ከኋላ። እጇ ትከሻሽ ላይ ነው። ያ እጅ ገና ጣቶቹን መዘርጋት ሳይችል የኔን አንድ ጣት ይዞ ያንቀላፋ ነበር። ፎቶው ጥሩ ነው፣ አትቀይሪው። እኔ ግን ኮሞዲኖ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

መቅረጫዋን ዛሬ በፖስታ ላክሁልሽ። ለምን ሐሳቤን እንደቀየርሁ ልንገርሽ። የደበቅሁት የልጄ ድምፅ ያለበት መስሎኝ ነው። ባትሪ ገዛሁና በር ዘግቼ፣ ብቻዬን፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ራዲዮ ሠሪው ጋ ያልወሰድሁት እዚያም ብትስቅ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይሰማት ብዬ ነው። ማሽን ብቻ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የኛው ማሽን። እሱን ደግሞ በየቀኑ አገኘዋለሁ፤ ኮሞዲኖ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልገኝም። ድምፅዋ ቢኖርበት ኖሮ አልክልሽም ነበር። ይሄን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ሁለት ነገር ቃል ግቢልኝ። ስትጨርሺ መልሺልኝ። እና የራስሽን ድምፅ ከላዩ አታድርጊበት። ስምንቱ ላይ እንደልብሽ ሆነሻል።

የልጄ እናት

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለእማማ፣

ይሄን ቁጭ ብለው ያንብቡት። መቅረጫዋ ላይ ድምፅዋ አለ።

አንድ ልማድ ነበረን። ከየትኛውም ቅጂ በፊት ምን እንደሆነ በቃል እንናገራለን፤ ያለዚያ አንዱ ሞተር ከሌላው ይቀላቀልብናል። የሽመናው ክፍል በር ሳይከፈት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ በሹክሹክታ «ከእማዬ ጋር ወሬ» ትላለች። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ማሽኖቹ ይገባሉ። ሹክሹክታው ቀጭን ስለሆነ ነው ያመለጠዎት። ብቻዬን ሰማሁት ሲሉኝ ምን እንደሚፈጠር መገመት ነበረብኝ።

እነዚያን ቃላት ለብቻቸው ቆርጬ፣ ከጆሮዎ ጋር እንዲገጥሙ ወደ ታች አወፍሬ በሲዲ ልኬልዎታለሁ። ትንሽ የወንድ ድምፅ ያስመስላታል፤ ግን ይሰማዎታል ብዬ አስባለሁ። መቅረጫዋን ወዲያው መልሱልኝ ካሉ በማግስቱ በእጅዎ ትገባለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ግራ አጋባኝ። ወሬ ብላለች፤ ወሬ ግን የለም። ማሽኑ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ድምፅ በሚያጸዳ ፕሮግራም ማሽኖቹን ቀስ በቀስ ቀነስኋቸው። ሥራዬን ሁሉ ትቼ ስቀንስ ሰነበትሁ። አሁን የቀረው በሩቅ ያለ ዝናብ የሚመስል ነገር ነው። ከሥሩ የእርስዎም የእሷም ድምፅ የለም።

ባዶ ስለሆነ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስታርፍ ልነግራት የጻፍኩት፣ በጊዜው ያልደረሰላት ነገር አለ። እዚያ ዝናብ ላይ ላነበው አስቤያለሁ። እንዳታደርጊ ብለውኛል። ደግሜ እየጠየቅሁዎት ነው።

እና ደግሞ፣ ምን አወራችሁ?

ቡሎን

ታኅሣሥ 17

ይድረስ ለልጄ ጓደኛ፣

ድምፅዋን ሰማሁት። አባቷን አስመስለሻታል፤ ነፍሱን ይማረው፣ እሱም ሲያንሾካሹክ እንዲያ ነበር። ቢሆንም ሰምቻለሁ። እማዬ ስትል ማ ላይ ትንሽ ትቆያለች፤ እሱ አልተቀየረም። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ይሄኛው ውሸት አይደለም።

ሌባ ልልሽም ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ ጠቅልዬ፣ አድራሻ ጽፌ፣ ፖስታ ቤት ተሰልፌ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ድምፅዋ የሌለበት መስሎኝ ድምፅዋን ላክሁልሽ። ለጡሩምባ ስነግራት፣ «በሩን ዘግተሽ ከሰው ስትደብቂ ከራስሽ ደበቅሽው» አለችኝ። ዛሬ ከሷ ጋር አልተነጋገርንም።

አሁን ስለ ወሬው። አውርተናል። እንዲያውም ብዙ አውርተናል።

በሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በድምፅ አያወራም። ብትጮሂም አይሰማም፣ ጉሮሮሽን ነው የምትጎጂው። አዲስ ሠራተኛ ከክር መቀጠል በፊት የምትማረው ይሄንን ነው፦ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈርን ሰፋ አድርጎ መናገር፣ የሌላውንም ከከንፈሩ ማንበብ። ከወዲያኛው የአዳራሹ ጫፍ ያለችውን ሴት ምን እንደበላች ጠይቄ መልሱን እይዛለሁ። ጡሩምባ ብቻ ናት ድምፅ የምትጨምርበት፣ ደስ ስለሚላት።

ልጄ ይሄን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። አባቷ የሌሊት ዘበኛ ስለነበር ቀን ቀን ይተኛል፤ እሱን ላለመቀስቀስ ቤት ውስጥ እኔና እሷ በከንፈር ነበር የምናወራው። አንዳንዴ ይነቃና አፋችን ሲከፈትና ሲዘጋ ያየናል። «ዓሣዎቹ ተነሡ» ብሎ ይገለበጥ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን መቅረጫዋን ደረት ኪሷ ውስጥ አድርጋ ማሽኖቼ መሃል ቆመች፣ እኔም ሥራዬን ሳላቆም አወራን። ከዚያ ውስጥ ድምፅ ብትፈልጊ ከየት ይመጣል? ማሽኑን ከወሬው ላይ ያነሣሽ መስሎሻል። ማሽኑ ባይኖር ኖሮ እኮ እንዲያ አናወራም ነበር። እድፍ መስሎሽ ቀለሙን አጠብሽው።

ባዶ ነው ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ደግሞ፣ ባዶ አይደለም፤ ሞልቷል። ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ያልደረሰላትን ነገር ሌላ ቦታ ተናገሪው።

ምን አወራችሁ ላልሽው፣ አልነግርሽም። ይሄን ስጽፍ ደስ ብሎኛል። ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ ዓይነት ደስታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልተወው አልቻልኩም። አንቺ ስትስቅ ሰምተሻታል፣ ስትታመም ሰምተሻታል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችውን ሰምተሻል። ይሄን አንድ ግን በዚያ ሁሉ መሣሪያሽ አታገኚውም።

የልጄ እናት

ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለእማማ፣

መጀመሪያ እንዳይጨነቁ፦ የታጠበው ግልባጩ ነው። ዋናው እንዳለ አለ፤ ማሽኖቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። የኔን ንባብ ጥዬዋለሁ። ሌላ ቦታም አላስገባውም። ለሷ የሚነገር ነገር ሰው ፊት ማንበብ ምን እንደሆነ ደብዳቤዎን ሳነብ ገባኝ።

አሳታሚው ጥር ሲያልቅ ይወስደዋል። ዘጠነኛውን ያለ ፈቃድዎ አልሰጠውም። ስምንት ሆኖ ይውጣ ካሉኝ ስምንት ሆኖ ይወጣል።

አሁን የምጽፈውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መድረክ ላይ ስንሠራ ድምፁ በጣም ከፍ ይላል፤ እግር ሥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እሷ መሃል ላይ ወደኔ ትዞርና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሁልጊዜ። ከሙዚቃው ጋር ለራሷ የምታዜም ይመስለኝ ነበር። እኔም ራሴን እነቀንቅላታለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። አንድ ቀን «ምንድነው የምታዜሚው?» ስላት ሳቀችና «ምንም» አለችኝ። ስታወራኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታወራኝ ነበር፤ አንዱንም አልያዝኩትም።

እርስዎ እኔ ሁሉንም እንደሰማሁ ያስባሉ። እኔ ደግሞ ከእርስዎ ዘንድ በተመለሰች ቁጥር እቀና ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ዝምተኛ ትሆናለች፤ የሆነ ቦታ የምትቆይ ትመስላለች፣ እኔ የማልገባበት። ለናፍቆት ብቻ አልነበረም ብዬ የጻፍኩት በዚያ ነው።

ከእርስዎ ዘንድ ተመልሳ ሳትታመም በፊት ያቀረብነው የመጨረሻው ዝግጅታችን በቪዲዮ አለ። አንድ ተመልካች በስልኩ የቀረጸው ነው። መሃል ላይ የኔ መሣሪያ ቆመ፤ ምቱ ጠፋ፤ እጄ ደረቀ። ያኔ ወደኔ ዞራ አንድ ነገር አለችኝ። ፊቷ በግልጽ ይታያል። ደጋግሜ አየሁት፣ መስታወት ፊት ቆሜ በራሴ ከንፈር ሞከርኩት። አልቻልኩም።

በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ባይነግሩኝም አልፈርድብዎትም።

ቡሎን

ጥር 22

ይድረስ ለቡሎን፣

ዘግይቻለሁ። ታምሜ አልነበረም፣ ፖስታውም አልዘገየም። ቪዲዮውን በደረሰ በማግስቱ አይቼዋለሁ፣ ያለችሽም ገና በመጀመሪያው ነው የገባኝ። ልነግርሽ ስላልፈለግሁ ነው የቆየሁት። ሰበብ መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ ፊቷ አይታይም፣ ብርሃኑ ጨለማ ነው ልልሽ። ፊቷ ግን ይታያል።

ያየሁት ራዲዮ ሠሪው ጋ ነው፣ ጡሩምባም ነበረች። «ድምፁን ላጥፋው?» አለኝ። «እንደፈለግህ፣ ለኔ ያው ነው» አልኩት። አጠፋው። ልጄ ቀጥናለች። ጸጉሯን ተቆርጣ ኖሯል፣ አልነገረችኝም። መሣሪያሽ ሲቆም አንቺ ሰሃን እንደሰበረ ልጅ እጅሽን ታያለሽ። እሷ ዞረች፤ እንዳስተማርኳት ከንፈሯን ሰፋ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ጡሩምባ ከኔ እኩል አነበበችው። ፊቴን አየች። ጡሩምባ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዝምታዋ አልቆየም። በየቀኑ ከማሽኖቿ ላይ ዞራ «ጻፍሽላት?» ትለኛለች።

«ነገ» እላታለሁ።

«ልጅቷ እኮ ትጠብቃለች።»

«ትጠብቅ።»

«በሞተች ልጅሽ ትቀኛለሽ?»

«በሞተችው አይደለም» አልኳት። «በቀረችው ነው።»

«እንግዲያው እኔ እጽፍላታለሁ» አለች። እሷ ከጻፈችው አገር ይሰማዋል። ስለዚህ እኔው ልጻፈው።

ያለችሽ ይሄ ነው፦ «አንቺ ያንቺን ጠግኚ፤ ሁለቱንም እኔ አያለሁ።»

ትርጉሙን ልንገርሽ፣ ካልተነገረሽ ቀላል ነገር ይመስልሻል። እኛ ዘንድ አንዲት ሠራተኛ ብዙ ማሽን ትጠብቃለች። በአንዱ ላይ ክር ሲበጠስባት ጎንበስ ብላ ስትቀጥል ሌሎቹን የሚያይላት የለም። ያኔ ከጎኗ ያለችው ትዞርና ይሄንኑ ትላታለች። ቃሉ እንዲሁ ነው፤ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። ካለች በኋላ የራሷም የጎረቤቷም ማሽን በሷ እጅ ነው፤ ቢበላሽ የሁለቱም ጥፋት የሷ ነው። ይሄ ለእንግዳ አይባልም። አዲስ ለገባች፣ ገና ላልታመነች አይባልም። ለእናትም አይባልም። ልጄ ይሄን ለኔ ብላኝ አታውቅም፤ ልትለኝም አትችልም፣ ከጎኔ ቆማ ሠርታ አታውቅምና። ከኔ ወሰደችው እንጂ ለኔ አልነበረም። ያለችው አንቺን ነው። ከደረሰኝ ጀምሮ ጨምድጄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

አልያዝኩትም ብለሽ ጽፈሻል። ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው። ካለችሽ በኋላ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ መሣሪያሽን ትከፍቻለሽ፤ የሷን አንዴም ቀና ብለሽ አላየሽም። እሷ ያንቺንም የራሷንም ስትነካካ እጇ ሲመላለስ ይታያል። ያልገባሽ ቃሉ ነው። የተባልሽውን አድርገሻል።

ዘጠነኛው ይውጣ። ማሽኖቹ እንዳሉ ይሁኑ፣ ማንም አያጽዳቸው። መጀመሪያው ላይ በሩ ላይ ያለችው ይኑርበት፣ በራሷ ድምፅ፣ በአባቷ አይደለም። እኔ ባልሰማውም ግድ የለም። ስሙንም እሱን በዪው፣ እሷ አውጥታለታለች።

የመጨረሻውን ጠዋት መጥተሽ ንገሪኝ። በደብዳቤ አትሞክሪው። ፊቴ ቁሚና ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ሹክሹክታም ቢሆን እይዘዋለሁ። አልጋ አለ፤ ብርድ ልብስ ከጡሩምባ እዋሳለሁ። እሷ ደግሞ ብዙ ጥያቄ ይዛ ትጠብቅሻለች፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።

ከልጄ ጋር ያወራሁትን ግን አትጠይቂኝ። ያንቺን ሰጥቼሻለሁ፤ የኔን አልሰጥሽም። ሰው አልበሙን ገዝቶ ይስማው፣ ማሽን መስሎት ይለፈው። አንቺ ስትሰሚው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያላንቺ የተወራ እንደሆነ እያወቅሽ ስሚው። ትንሽ ቅኚ። እኔም ሁለተኛውን ሥራችሁን በመዳፌ ስሰማ እንዲሁ ነኝ።

የልጄ እናት